የጨርቅ ጠርዝ በእጅ እንዴት ይጠለፋል?

ነጠላም ሆነ የመሶብ ልብስ፣ የትራስ ልብስም ሆነ የአንገት ልብስ መጀመሪያ የሚያረጀው ከጠርዙ ነው። መሐሉ ገና ደህና ሆኖ ሳለ ጫፉ ይተረተራል። ጨርቅ ድርና ማግ እየተላለፉ የሚሠሩት ነገር ነው። በሁለቱ ጎኖቹ ማጉ ጫፍ ደርሶ ስለሚመለስ ያ በኩል ራሱን ይይዛል። በመቀስ በተቆረጠው በኩል ግን ክሩን የሚመልሰው የለም፤ አንዱ ሲሾልክ ቀጣዩ ይከተላል። የጠርዝ ጥልፍ የመጀመሪያ ሥራው ይህን ማስቆም ነው፣ ውበቱ በዚያ ላይ የተደረበ ነው። ስለዚህ ጠርዝ መጥለፍ የሚማር ሰው ስለ አበባና ስለ ሐረግ ከማሰቡ በፊት የሚሰፋው ስፌት ክሩን መያዝ አለመያዙን መጠየቅ አለበት።

በካዛንቺስና በቂርቆስ ግቢዎች ይህ ሙያ ሲተላለፍ የኖረው በዓይን ነው። ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ ጋብ ሲል እናቶች ዳንቴላቸውን ወይም ጥልፋቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ልጅ ጠርተው ክሩን በመርፌ ቀዳዳ እንድታስገባላቸው ያዛሉ፤ ልጅቱም እዚያው ቁጭ ብላ ስታይ ትውላለች። ማንም "ዛሬ ትምህርት እንጀምር" አይልም። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ግን ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደ። አዲስ ቤት የገባ ሁሉ የድሮ ጎረቤቱን አጠገቡ አላገኘም። በቂርቆስ በኩል ያሉትም ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ እዚያ ደግሞ በር ተዘግቶ ነው የሚዋለው። ዓይን ሲያስተምረው የነበረውን በቃል ማስረዳት ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል፤ ገዢም ሻጭም ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። ጥለት የሚባለው ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ በባለቀለም ማግ አብሮ የሚያስገባው ጌጥ ነው፤ መርፌ አልነካውም። ጥልፍ ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌና በክር የሚጨመር ነው። ዘርፍ ደግሞ ከጥለቱ በታች ተርፎ የሚንጠለጠለው የድሩ ጫፍ ነው፤ እሱም ሲቋጭ ጌጥ ይሆናል። አንድ ጥሩ የሐበሻ ልብስ ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል።

እነዚህን በቅርብ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥር 15 የቂርቆስ ንግሥ ዕለት፣ ወይም ከሳምንት በኋላ ጥር 22 ኡራኤል፣ ከምእመናኑ ጋር ቆሞ የነጠላዎቹን ጫፍ መመልከት ነው። የካህናቱ ካባና የታቦት መጎናጸፊያ ዳሩ በሙካሽና በወርቀ ዘቦ ተይዞ ይታያል፤ የጃንጥላዎቹም ዘርፍ እንዲሁ። በዓላት ሲቃረቡ በሚከፈተው ባዛርም የባህል ልብስ ይደረደራል። እዚያ ስትገቡ የልብሱን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውን ገልብጡ። የማሽን ጥልፍ በሁለት ክር ስለሚሠራ ከጀርባው ሌላ ክር ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ነጭ ነው። የኮምፒዩተር ጥልፍ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ እንዳይኮማተር ከሥር የተደረገለት ወረቀት መሰል ነገር ቅሪቱ ይገኛል፣ ሲነካም ደረቅ ይላል። በእጅ የተጠለፈው ከፊትም ከኋላም ያው አንድ ክር ነው፤ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድም ይታያል። የኮምፒዩተር ጥልፍን አልነቅፍም፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን አንገት ላይና እጅ አንጓ ላይ ቆዳ የሚነካ ጠርዝ ልስላሴ ይፈልጋል፣ በዚህ እጅን የሚተካው አላየሁም።

በአገራችን ልብስ ላይ የጠርዝ ጥልፍ የቆየ ነው። ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የተወሰደ የጥጥ ቀሚስ አለ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ ይታመናል። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም፣ የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ለእይታ አቅርቦታል። ነጩ ጥጥ በሐር ክር የተጠለፈ ነው፣ ጥልፉም በአንገቱ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ ላይ ተከማችቷል። ሐር በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር፤ ውድ ክር የሚውለው ዓይን በሚያርፍበትና ጨርቁ በሚታሽበት ቦታ መሆኑ የጠላፊውን ብልሃት ያሳያል። ይህ ቀሚስ አገሩ ገብቶ የእኛ ጠላፊዎች ስፌቱን በቅርብ ቢያዩት ምንኛ ደስ ባለኝ።

በኋላ ሙያው ትምህርት ቤትም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ከቀለም ትምህርት ጋር የመርፌ ሥራ ያስተምር ነበር። በዘነበ ወርቅ በኩል፣ በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሚጠልፏቸው ትራሶችና የግድግዳ ጌጦች ለረጅም ዓመታት ለገበያ ሲቀርቡ ኖረዋል። ሥጋ ደዌ የጣትን ስሜት የሚነሳ በሽታ ነው። በእንዲህ ያለ እጅ የተሠራ ቀጥ ያለ መስመር ያየ ሰው "እጄ ለዚህ አልተፈጠረም" ለማለት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለልምምድ አቡጄዲ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ሽመናው ጠበቅ ያለ ስለሆነም ስፌቱ አይንሸራተትም። ሸማ ቆይቶ ይደርሳል። የጥልፍ ክር ስትገዙ አንዱ ጥቅል ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተኙበት መሆኑን ልብ በሉ። ለጠርዝ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይበቃሉ፤ ስድስቱንም በአንድ ላይ የሚያስገባ ሰው ሥራው ይደፈድፍበታል። ስትለዩ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳቡ፣ ሁለቱን አብራችሁ ከሳባችሁ ይተበተባል። እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የዲኤምሲ ክር በጥቅል ስምንት ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ቀለምም የራሱ ቁጥር አለው፤ ጥቁሩ 310፣ ቀዩ 321። ቁጥሩ የተጻፈባትን ወረቀት አትጣሉ። ክሩ መሐል ላይ ሲያልቅ "ቀይ ስጠኝ" ብሎ መርካቶ መሄድና ቁጥሩን ይዞ መሄድ አንድ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ቀይ ያለው ጠርዝ ከሩቅ ያስታውቃል።

መርፌ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል። ለሁለት ወይም ለሦስት ክር 7 ቁጥር ጥሩ ነው። የክሩ ርዝመት አንድ ክንድ ይሁን፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ረጅም ክር ሥራ የሚያፋጥን ይመስላል፤ ግን በጨርቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ይሻክራል፣ ይቋጠራል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ጫፉን ቋጥሮ መጀመርም በሸማ ላይ አይሠራም፣ ቋጠሮው በሳሳው ጨርቅ ሾልኮ ይወጣል። ሁለት ጣት ያህል ክር ከጀርባ አስቀርታችሁ ጀምሩ፤ ጥቂት ከሰፋችሁ በኋላ ያችን ትርፍ ከስፌቶቹ ሥር አሾልኩና ቁረጧት።

ጠርዙን ሁለት ጊዜ እጠፉት። መጀመሪያ ግማሽ ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ጣት፣ ከዚያ በካውያ ተጫኑትና ሰፋ ሰፋ ባለ ጊዜያዊ ስፌት ያዙት። መስመር ለማስመር ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙባት የደረቀች የሳሙና ስባሪ ከእስክሪብቶ ትሻላለች፤ ሲታጠብ ትጠፋለች።

ከሁሉ የሚቀድመው ዘምዘማ ነው። መርፌው ከጀርባ ወደ ፊት ይወጣል፣ ክሩ ጠርዙን ይዞርና እንደገና ከጀርባ ወደ ፊት ይወጣል፤ እንዲህ እያለ በሰያፍ ይሄዳል። እጅ የሚለምደው በዚህ ነው፤ በስፌትና በስፌት መካከል ያለው ርቀትና ከጠርዙ የሚገባው ጥልቀት እኩል መሆን እንዳለበት ዓይን ይማራል። መጨረሻ ደርሳችሁ በሌላ ቀለም በዚያው ቀዳዳ ከተመለሳችሁ ሰያፎቹ ይጠላለፉና የመስቀል ረድፍ ይወጣል። ለመጀመሪያ ሥራ ይህ ብቻ ያለው የረከቦት ጨርቅ እንግዳ ፊት ለማውጣት አያሳፍርም።

ቀጥሎ የሚመጣውና የጠርዝ ጥልፍ ሁሉ እናት የምለው የቁልፍ ቤት ስፌት ነው። ልብስ ሰፊ የሸሚዝ ቁልፍ ቤት እንዳይተረተር የሚይዝበት ይሄው ስፌት ነው፤ ለጠርዝ ሲሆን አራርቆ መሥራት ነው። ጠርዙን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ያዙ። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መርፌውን ከጠርዙ ግማሽ ጣት ያህል ገባ ብላችሁ ከፊት ውጉት፣ ጫፉ ከጨርቁ ጀርባ አልፎ ከጠርዙ በታች ብቅ ይበል። እዚህ ላይ አትሳቡት። በግራ አውራ ጣታችሁ ክሩን ከመርፌው ጫፍ ሥር አሳልፉትና ያዙት፣ ከዚያ በኋላ ሳቡ። ክሩ ራሱን ይዞ ጠርዙ ላይ ይተኛል። ቀጣዩን ስፌት ስትጨምሩ የተኛው ክር ይረዝማል፤ ጥቂት ከሄዳችሁ ጠርዙ በቀጭን ገመድ እንደተከበበ ሆኖ ይታያል። ጨርቁን የሚጠብቀው ያ ገመድ ነው። እጅ ሲታሸው፣ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ መከራውን የሚቀበለው እሱ ነው።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ክሩን አጥብቆ ይስባል። ጠርዙ ይኮማተራል፣ ጨርቁም ዝርግ ሆኖ አይተኛም። ልኩ እንዲህ ነው፤ የተኛው ክር ጠርዙን ነክቶ ይቁም እንጂ አይጫነው። በየአሥሩ ስፌት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እዩት፤ ጠርዙ ከተነሳ የመጨረሻዎቹን መፍታት ይሻላል፣ በካውያ የሚስተካከል አይደለም።

የማዕዘኑ ነገር ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ አንድ ቀዳዳ ምረጡና ሦስት ጊዜ እዚያው ውጉ። የመጀመሪያው ስፌት በመጣችሁበት ጎን ይውረድ፣ ሁለተኛው በሰያፍ በማዕዘኑ ጫፍ ይውጣ፣ ሦስተኛው በሚቀጥለው ጎን ይውረድ። ሦስቱ እንደ ወፍ እግር ከአንድ ነጥብ ይዘረጋሉ፣ ጠርዙ ላይ የተኛው ክርም ሳይቋረጥ ይታጠፋል። መሐል ያለው ስፌት ከሁለቱ ትንሽ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለእሱ ክሩን ላላ አድርጉለት። የሙያተኛ ሥራ የሚለየው በማዕዘኑ ነው፤ ባዛር ውስጥ ዋጋ ስትጠይቁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ከዚህ ስፌት ብዙ ጌጥ ይወጣል። አንዱን ረጅም አንዱን አጭር ብታደርጉት የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ሦስት ሦስቱን እያቀራረባችሁ በየመካከሉ ክፍተት ብትተዉ ሌላ መልክ ይይዛል። ርዝመቱን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ብትሄዱ የተራራ ሰንሰለት ይሆናል፤ በጥለት ላይ የምናየውን ባለሦስት ማዕዘን ጌጥ በመርፌ ለማምጣት የሚቀለው በዚህ ነው። ቱርኮች ኦያ የሚሉት በሻሽ ጠርዝ ላይ በመርፌ የሚሠራ ዳንቴልም የሚነሳው ጠርዙን በመያዝ ነው፤ በክሩ ላይ ሌላ ረድፍ ቀለበት እየደራረቡ ከጨርቁ ውጭ አበባ ያበቅላሉ።

የሰንሰለት ጥልፍ ጠርዙን ራሱን አይይዝም፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ እንደ ሁለተኛ መስመር ይሠራል። መርፌው ወጥቶ ክሩ ቀለበት ይሠራል፣ በወጣበት ቀዳዳ ይመለስና ከፊቱ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል። የቀሚስ አንገት ዙሪያ ላይ ከሌላው የምመርጠው ይህን ነው። ቀለበቶቹ ስለሚታዘዙ መስመሩ ጥምዝ ላይ አይሰበርም፣ ጨርቁ ሲሳብም አብሮ ይሳባል። መስቀልኛ ጥልፍ ደግሞ የሚፈልገው ቆጠራ ነው፤ የጨርቁን ክር ሦስት ወደ ላይ ሦስት ወደ ጎን እየቆጠሩ መሥራት፣ ከላይ የሚያርፈው ሰያፍም በሁሉም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሆን መጠንቀቅ ነው። አንዱ ብቻ ቢገለበጥ ብርሃን ሲያርፍበት ያጋልጠዋል።

በእጅ የተሠራ ሸማ ላይ የሚያምር ሌላ ሥራ አለ፤ ክር መምዘዝ። ከእጥፋቱ ከፍ ብሎ አራት ወይም አምስት ማግ በመርፌ ጫፍ እያነሡ ይመዘዛሉ፣ ድሩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ከዚያ አራት አራቱን ድር በክር እየጠመጠሙ ማሰር፣ በያንዳንዱ ዙርም እጥፋቱን በትንሹ መንከስ ነው። እጥፋቱም ይሰፋል፣ በላዩም የመስኮት ረድፍ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ስፌት ይሠራሉ። ሸማ ላላ ብሎ ስለሚሠራ ክሩ በቀላሉ ይመዘዛል። በፖፕሊን ላይ ይህን የሚሞክር ዓይኑን ብቻ ያደክማል።

ለነጠላ ግን ከሁሉ በላይ ጌጡ የተቋጨ ዘርፍ ነው። መርፌ ባይገባበትም የጠርዝ ሥራ ስለሆነ እዚህ ቦታ ይገባዋል። በመጀመሪያ የመጨረሻው ማግ ወደ ታች እንዳይንሸራተት አንድ ረድፍ ዘምዘማ ያስፈልገዋል። ከዚያ ስምንት ድር ያዙና ለሁለት ክፈሏቸው፣ አራቱ በግራ አራቱ በቀኝ እጅ። ጣታችሁን በትንሹ ካረጠባችሁ ክሩ አያመልጥም። ሁለቱንም ወደ ቀኝ አክርሯቸው፤ መጠቅለል እስኪፈልጉ ድረስ። አሁን አገናኟቸውና አብራችሁ ወደ ግራ አዙሯቸው። ሁለቱ እየተጠማዘዙ አንድ ገመድ ይሆናሉ፤ ብትለቁትም አይፈታም። እያንዳንዱ ክር ወደ ግራ ተመልሶ ሊፈታ ይፈልጋል፣ አብረው የተጠመዘዙት ግን ወደ ቀኝ ካልሄዱ አይፈቱም። እርስ በርሳቸው ይከላከላሉ። ሁለቱን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያከረረ ሰው ግን ነጠላው ገና ሳይታጠብ ዘርፉ ይበተንበታል።

ጫፉ ላይ ቋጠሮ ይመጣል። ቋጠሮውን ላላ አድርጋችሁ ሥሩትና ሳታጠብቁት የመርፌ ጫፍ በውስጡ አስገቡ። በመርፌው ቋጠሮውን እየገፋችሁ ወደምትፈልጉት ቦታ ካደረሳችሁ በኋላ መርፌውን አውጥታችሁ ሳቡ። እንዲህ ካልተደረገ አንዱ ቋጠሮ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ርዝመቱን ለማስተካከል የካርቶን ቁራጭ አጠገብ ማድረግ ይረዳል። ትርፉ የሚቆረጠው ሁሉም ተቋጭቶ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ነው።

ይህን ሥራ ለገበያ የሚያስብ ሰው ዋጋውን በቁራጭ ሳይሆን በክንድ ቢያሰላ እመክራለሁ። አንድ ክንድ የቁልፍ ቤት ስፌት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ አንድ ጊዜ ለኩት። የረከቦት ጨርቅና የአልጋ ልብስ ዙሪያቸው እጅግ ይለያያል፤ "አንዱን በዚህ ያህል" ብላ የምትስማማ ጠላፊ በትልቁ ላይ ጉልበቷን በነፃ ትሰጣለች። ደንበኛም ቢሆን ስሌቱ በግልጽ ሲነገረው ይገባዋል።

ባለቀለም ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ከመዋሉ በፊት መፈተን አለበት፤ ቀይ በተለይ። አንድ ጣት የሚያህል ክር ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ በነጭ ሶፍት ጠቅልሉትና ተጭናችሁ አቆዩት። ሶፍቱ ላይ ቀለም ከታየ ክሩን ብቻውን ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አሁንም ከለቀቀ ለሌላ ሥራ አቆዩት። የተጠለፈ ልብስ ሲታጠብ ዘፍዝፎ ማሳደር አይገባም፣ ሲጨመቅም መጠምዘዝ የለበትም። ካውያ ሲደረግለት ፎጣ ከሥር ይነጠፍና የጥልፉ ፊት ወደ ፎጣው ይገለበጣል፤ ካውያው ከጀርባ ሲጫን ስፌቶቹ በፎጣው ውስጥ ሰምጠው ስለሚተርፉ ሲገለበጥ እንደተነሡ ይገኛሉ።